ላጲሱን ያስቀምጡ፦ ስለ ካርቱን ጨረታ ጥያቄና መልስ

“በኒውዮርክ ጨረታ የአንድ የመጽሔት ካርቱን ዋና ሥዕል ገዛሁ። ዳር ዳሩ በሰማያዊ እርሳስ ተጽፎበታል፣ እዚህም እዚያም ነጭ ቀለም ተቀብቷል፣ ጀርባው ላይ ማኅተም አለ። ባጸዳው ዋጋው ይጨምራል?” (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

እባክዎን ላጲሱን ያስቀምጡ! እድፍ ያሉት ነገር የሥዕሉ መታወቂያ ነው። ሰማያዊው እርሳስ የአርታኢው ወይም የማተሚያ ቤቱ ማስታወሻ ነው፤ ሥዕሉ በስንት ኢንች እንደሚታተም፣ የትኛው ጥግ እንደሚቆረጥ ይናገራል። ሰማያዊ የተመረጠውም በምክንያት ነው፤ ያኔ ሥዕል ለኅትመት የሚነሣበት ፊልም ፈዛዛ ሰማያዊን እንደ ነጭ ስለሚቆጥረው ማስታወሻው ታትሞ አይወጣም። ነጩ ቀለም ሰዓሊው የተሳሳተውን መስመር የሸፈነበት ነው። በብርሃን አዘንብለው ቢያዩት መጀመሪያ የረዘመ፣ ኋላ ያጠረ አፍንጫ ሊያገኙ ይችላሉ፤ እኔማ ከቀልዱ ይልቅ በዚህ ብዙ ሰዓት አጠፋለሁ። ማኅተሙ ላይ ቀን ካለ የዚያን ሳምንት መጽሔት ፈልገው ያመሳክሩ። የሚያጠራጥረውስ አንድም ምልክት የሌለው ንጹሕ ሥዕል ነው። ሰዓሊዎች የታወቀላቸውን ካርቱን ለወዳጅ ወይም ለገዢ ደግመው ይሥላሉ። በራሳቸው እጅ የተሣለ ስለሆነ ሐሰተኛ አይባልም፤ ነገር ግን መጽሔቱ ላይ የወጣው እሱ ስላልሆነ ዋጋው እኩል አይሆንም። ቢጫ የሆነ የሙጫ ቅሪት ካለ ለወረቀት ጥገና ባለሙያ ይስጡት።

“በ1,500 ዶላር አሸንፌ 1,875 ዶላር ክፈል ተባልሁ። ተጭበረበርሁ?”

አልተጭበረበሩም፤ የጨረታውን ደንብ አላነበቡም። መዶሻው ሲያርፍ በተጠራው ዋጋ ላይ ጨረታ ቤቱ የገዢ ኮሚሽን ይጨምራል፤ በእርስዎ ሒሳብ 25 በመቶ መሆኑ ነው። ማጓጓዣና ግብር ገና ይመጣል። እጅዎን ከማንሣትዎ በፊት ሁሉንም ደምረው ጣሪያዎን በወረቀት ይጻፉ።

“ገዝቼዋለሁና ቲሸርት ላይ ባሳትመው?”

አይቻልም። በአሜሪካ ሕግ የገዙት ወረቀቱን ነው፤ የቅጂ መብቱ በጽሑፍ ካልተላለፈልዎ በቀር ከባለቤቱ ጋር ይቀራል።

“አንድ ካርቱን 175,000 ዶላር ተሸጠ ሲባል ሰማሁ። የእኔስ?”

እውነት ነው። የፒተር ስታይነር ሥዕል ነው፤ ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠ ውሻ ለጓደኛው “ኢንተርኔት ላይ ውሻ መሆንህን ማንም አያውቅም” የሚልበት። እ.ኤ.አ. በ1993 በኒውዮርከር መጽሔት ወጥቶ በ2023 ተሸጠ። ዓለም በቃሉ የሚያውቀው ካርቱን ስለሆነ በእርሱ የእርስዎን አይመዝኑ። ያልታተመ ረቂቅ ከሆነማ ከታተመው በታች ነው።

“የት ልስቀለው?”

ፀሐይ ከማያገኘው ግድግዳ ላይ፤ በተለይ በፌልት ፔን የተሣለ ከሆነ ቀለሙ ይለቃል። ከአሲድ ነፃ በሆነ ካርቶንና ጨረር በሚከላከል መስታወት ያስገቡት። ደግሞ ቡና ከሚፈላበት፣ ዕጣን ከሚጨስበት ጥግ ያርቁት።