ለልጆች አጥንት ጎመን ወይስ ቆስጣ?

እህቴ፣ «ደብረ ብርሃን ጓሮዬ ያለችኝ አንድ መደብ ናት፤ ለልጆቼ አጥንት ጎመን ልትከል ወይስ ቆስጣ?» ብለሻል። ለአጥንት ከሆነ ጎመን ነው፣ አታመንቺ። ቅጠለ ሰፊው ጎመን ጥሬው በ100 ግራም 230 ሚሊ ግራም ገደማ ካልሲየም አለው። ቆስጣ 50 ገደማ ነው። ያችኑም ቢሆን ኦክሳሌት የሚባል ነገር አስሮ ይይዛታል፤ ሰውነት ብዙም አያገኛትም። ቆስጣ ስትበዪ ጥርስሽን ሻከር የሚያደርገው እሱ ነው። ቤት ውስጥ የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው ካለ ቆስጣ አታብዙ።

ቆስጣም ግን ከንቱ አይደለም። በማግኒዚየምና በፖታሲየም ጎመንን ይበልጣል። ቶሎም ይበስላል፤ በጾም ቀን ጥድፊያ ማን እንደሱ!

አንድ ነገር ልቆጣሽ፦ ጎመኑን ቀቅለሽ ውሃውን አትድፊ። እናቴም ትደፋው ነበር፤ ቫይታሚን ሲው አብሮ ይፈሳል። በትንሽ ውሃና ዘይት አብስይው። የቆስጣውን ውሃ ግን ብትደፊው ይሻላል፤ ኦክሳሌቱ ይቀንስልሻል።

ደግሞ የናንተን ሰፈር ውርጭ ጎመን ከቆስጣ የተሻለ ይችለዋል።