ቃሉን አውቀዋለሁ፤ ሲናገሩት ግን አይሰማኝም

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ጀምሮ ቋንቋ የሚማሩ ጎረቤቶቼ ደረጃ ላይም፣ የታክሲ ሰልፍ ላይም ይጠይቁኛል። ሥራዬ ቋንቋ ማስተማር ነው። ባለፈው እሑድ ከቡና በኋላ ኮሚናል ቤት ተሰባሰብንና ጥያቄው ሁሉ አንድ ላይ ወጣ። አብዛኛው የንግግር ምትን የሚመለከት ነበር፤ ስንናገር የቱ ጫን፣ የቱ ረዘም፣ የቱ ዋጥ እንደሚል። የጎረቤቶቼን ጥያቄዎች ከመልሶቼ ጋር እነሆ።

ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ነው የምሠራው። ግራመር አውቃለሁ። እንግዶች ግን ደጋግመው «ፓርደን?» ይሉኛል። ምኑ ላይ ነው ስህተቴ?

እህቴ፣ ስህተቱ ቃላቱ ላይ አይደለም። እኛ አማርኛ ስንናገር ለእያንዳንዱ አናባቢ ድርሻውን እንሰጣለን። እንግሊዝኛ አንዱን ጫን ይልና የቀሩትን ያደበዝዛል። እኛ «ባናና» ስንል ሦስቱም እኩል ናቸው። እንግሊዞቹ መካከለኛውን ብቻ ይጎትቱና ዳርና ዳሩን ወደ «በ» እና «ነ» ያቀርቡታል። «ፎቶግራፍ» ሲሉ ጫናው መጀመሪያው ላይ ነው። «ፎቶግራፈር» ሲሉ ወደ «ቶ» ይዘላል፤ «ፎ»ው ይደበዝዛል። አድማጩ ቃሉን የሚይዘው በዚያ ጫና ነው። ጫናው ቦታውን ከሳተ፣ ድምፁ ሁሉ ትክክል ቢሆንም ቃሉ ሊያመልጠው ይችላል።

እኔም ይህ ደርሶብኛል። እንግሊዝኛን ለዓመታት ከመጽሐፍ ተማርኩ። ከዚያ የሬዲዮ ዜና ስከፍት አንድ ዓረፍተ ነገር መያዝ አቃተኝ። ጽሑፉን ሳየው የማላውቀው ቃል አልነበረበትም። ያ ቀን በጣም አሳዝኖኝ ነበር። ስለዚህ አዲስ ቃል ደብተርሽ ላይ ስትጽፊ፣ ከትርጉሙ በፊት ጫን የሚባለውን ክፍል አስምሪበት።

ቋንቋዎች በምታቸው ሁለት ዓይነት ናቸው ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

ሐሳቡ የቆየ ነው። አሜሪካዊው የቋንቋ ምሁር ኬኔት ፓይክ በ1945 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) እንግሊዝኛን ጫናው በእኩል ጊዜ የሚመላለስበት፣ ስፓኒሽን ደግሞ እያንዳንዱ ቀለም (በአንድ ጭብጨባ የሚወጣው የቃል ክፍል) እኩል ጊዜ የሚወስድበት አድርጎ ለያቸው። ዴቪድ አበርክሮምቢ በ1967 የዓለም ቋንቋ ሁሉ ከሁለቱ ባንዱ ይመደባል አለ። ጃፓንኛ ደግሞ ሦስተኛ ምድብ ተሰጠው። በኋላ ፒተር ሮች በ1982 በመሣሪያ ሲለካው ያ እኩል ጊዜ አልተገኘም። በዓመቱ ርብቃ ዳወር የተሻለ ማብራሪያ ሰጠች። እንግሊዝኛ አናባቢ ያደበዝዛል፣ ተነባቢም ይደራርባል፤ ስፓኒሽ እነዚህን ብዙም አያደርግም። ለጆሯችን የሚለየው ይህ ነው። እኔ በዚህ እስማማለሁ። ሣጥኖቹን እርሷቸው፤ የሚሰማን ልዩነት ግን እውነተኛ ነው።

አማርኛም የራሱ መዋጥ አለው። «ትምህርት»ን ጻፉት፤ አምስት ፊደል ነው። አሁን አጨብጭቡበት። ትም፣ ህርት። ሁለት ብቻ! ሳድሱ አንዴ ይሰማል፣ አንዴ ይዋጣል፤ ፊደሉ አይነግረንም። አማርኛ የሚማር የውጭ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚቸገረው። ኮሚናሉ ውስጥ ይህን ስናጨበጭብ ልጆች በመስኮት ማየት ጀምረው ነበር።

ሱቅ አለኝ። ኦሮምኛ እየተማርኩ ነው፤ ስናገር ግን ደንበኞቼ ግራ ይጋባሉ።

ወንድሜ፣ አናባቢህን አስረዝም። አማርኛ አናባቢን በማስረዘም ትርጉም አይለይም፤ ኦሮምኛ ይለያል። «ለፈ» መሬት ነው። «ላፋ» ብለህ ሁለቱንም ስትጎትት ለስላሳ ማለት ይሆናል። ቁቤው ይህን ያሳይሃል፤ ረጅሙን አናባቢ በሁለት ፊደል ይጽፈዋል። ማጥበቅ ግን አይከብድህም፤ ከእናትህ ተምረኸዋል። «ገና» ላልቶና ጠብቆ ሁለት ነገር እንደሆነ ማንም አላስጠናህም። ኦሮምኛም እንደዚሁ ነው። «በዳ» ዳው ሲላላ መጥፎ፣ ሲጠብቅ ደጋ ይሆናል።

ማጥበቅ የምናቃልለው ሀብት ይመስለኛል። ዓረብኛ ለምትማሩም ይጠቅማችኋል። «ደረሰ» ላልቶ ተማረ፣ ሩ ሲጠብቅ አስተማረ ነው። በጃፓንኛ «ኪቴ» ላልቶ ና፣ ጠብቆ ቴምብር ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ይህን ለመስማት ብዙ ይለፋሉ።

ጣሊያኖች ለምን እንደዚያ ይፈጥናሉ?

ቀለሞቻቸው አጫጭር ስለሆኑ ነው። በ2019 የወጣ ጥናት 17 ቋንቋዎችን ለክቶ ነበር፤ አማርኛ የለበትም። አንዳንዱ ቋንቋ በሰከንድ ብዙ ቀለም ያወጣል፣ ሌላው ጥቂት። የሚተላለፈው መረጃ ግን በሁሉም በሰከንድ ወደ 39 ቢት (የመረጃ መለኪያ ነው) ተጠጋ።

የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ባሌ ኦሮምኛ፣ እኔ አማርኛ እናወራለን። ሕፃኑ አይምታታበትም?

አይምታታበትም፤ ሁለታችሁም በየቋንቋችሁ አውሩት። በ1998 ፈረንሳይ ውስጥ የተደረገ ጥናት ይታወቃል። ቃላቱ እንዳይለዩ ድምፁን አፍነው ለአራስ ሕፃናት አሰሙ። የቀረው ምቱና ዜማው ነበር። ሕፃናቱ እንግሊዝኛን ከጃፓንኛ ለዩ። ምታቸው የሚቀራረበውን እንግሊዝኛንና ደችን ግን አልለዩም። ሰው ወደ ቋንቋ የሚገባው በምት በኩል ነው ብዬ የማምነው ለዚህ ነው። ልጅሽ አሁንም ሆድሽ ውስጥ ሆኖ ድምፅሽን እየሰማ ነው።

ስልሳ ዓመት አልፎኛል። ካናዳ ያሉ የልጅ ልጆቼን ማናገር እፈልጋለሁ። አፌ ይታረማል?

አባቴ፣ ይታረማል። የፈረንጅ አነጋገር ይዘው አይወጡ ይሆናል፤ ማንም ያንን አይጠብቅብዎትም። ልጆቹ እንዲረዱዎት ግን ምቱ ይበቃል። ደግሞ የኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥሬያለሁ ብለውኛል። ያኔ ግዕዝ ንባብ፣ ከዚያ ውርድ፣ ከዚያ ቁም ንባብ ነበር። የግዕዝ ቃላት የንባብ ዓይነቶችን፣ ተነሹን ከወዳቂው፣ ሰያፉን ከተጣዩ የለዩት በጆሮዎ ነው፤ ትርጉሙ የመጣው ኋላ ነው። አሁንም እንደዚያው ያድርጉ።

የልጅ ልጆችዎ አጭር የድምፅ መልእክት ይላኩልዎት። መጀመሪያ ቃሉን ትተው ዜማውን ብቻ በአፍንጫዎ ያንጎራጉሩት። ቀጥለው ጫን ያለው ላይ ጠረጴዛውን መታ ያድርጉ። «ቦይስ ኒድ ሹዝ» ሦስት ምት ነው። «ዘ ቦይስ ዊል ኒድ ሰም ሹዝ» ሲረዝምም ያው ሦስት ነው፤ «ዘ»፣ «ዊል» እና «ሰም» በምቶቹ መሃል ተጨምቀው ያልፋሉ። በመጨረሻ ከድምፁ ጋር አብረው ይበሉት። በቀን አሥር ደቂቃ ይበቃል። እሑድ ሲመጡ አንዱን መልእክት ይዘውልኝ ይምጡ፤ አብረን እንመታዋለን።