ወረርሽኝ ከመምጣቱ በፊት ስለሚፈረም ስምምነት

ውድ ወጣት የሙያ ባልደረቦቼ፣

በፌዴራል ሥርዓት በምትተዳደር አገር ወረርሽኝ ሲነሳ ክርክሩ ወዲያውኑ «ማዘዝ ያለበት ማዕከላዊው መንግሥት ነው ወይስ ክልሎች?» ወደሚለው ያዘነብላል። በሕብረተሰብ ጤና ሥራ ያረጀሁ ሰው እንደመሆኔ፣ ጉልበታችሁን በዚህ ክርክር ላይ እንዳትጨርሱት እለምናችኋለሁ። በእኔ እምነት ውጤቱን የሚወስነው፣ ማን ለማን ምን መረጃ በስንት ሰዓት ውስጥ እንደሚያደርስ፣ ወጪውን ማን እንደሚሸፍንና የዕለት ሥራውን ማን እንደሚመራ በሽታው ከመግባቱ በፊት ተስማምቶ መገኘት ነው።

ለዚህ የካናዳን ያህል ግልጽ ማስረጃ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ2003 ሳርስ የተባለው ተላላፊ የመተንፈሻ አካላት በሽታ ቶሮንቶ ሲገባ አገሪቱ የተማሩ ሐኪሞችም ዘመናዊ ላቦራቶሪዎችም ነበሯት። ያልነበራት፣ የኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት የታማሚዎችን መረጃ ለፌዴራሉ መንግሥት የሚያስተላልፍበት አስቀድሞ የታሰረ ውል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው ዓመት ኤፕሪል 23 አስፈላጊ ያልሆነ የቶሮንቶ ጉዞ እንዲዘገይ ሲመክር፣ ሁለቱ የመንግሥት እርከኖች በመረጃ አቀባበል ገና አልተግባቡም ነበር። በካናዳ 44 ሰዎች ሞቱ። በኋላ ዶክተር ዴቪድ ኔይለር የመሩት ኮሚቴ ይህንኑ ክፍተት በግልጽ አስቀመጠ፤ በተከታዩ ዓመትም የካናዳ የሕብረተሰብ ጤና ኤጀንሲ ተቋቋመ።

ነገሩ የወረቀት ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ የታማሚዎችን ዝርዝር መዝገብ ቀረብ ብሎ ይመልከት። ለእያንዳንዱ ታማሚ አንድ መስመር አለ፤ ዕድሜ፣ አድራሻ፣ ምልክቱ የጀመረበት ቀን፣ ናሙና የተወሰደበት ቀን፣ ውጤቱ የታወቀበት ቀን። አንዱ ክልል ታማሚዎቹን ምልክቱ በጀመረበት ቀን፣ ጎረቤቱ ደግሞ ውጤቱ በታወቀበት ቀን ቢቆጥር፣ ሁለቱ ማዕከል ላይ ሲደመሩ በሽታው እየቀነሰ ሳለ እየጨመረ፣ እየጨመረ ሳለ እየቀነሰ ሊመስል ይችላል። በአንዱ ክልል እየኖረ በሌላው የታከመ ሰው ወይ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል፣ ወይ ጨርሶ አይቆጠርም፤ ካልተቆጠረ ደግሞ ከእሱ ጋር ንክኪ የነበራቸውን ሰዎች የሚፈልግ አይኖርም። ሰው የሚሞተው እዚህ ላይ ነው።

ናይጄሪያ ያደረገችው የዚህ ተቃራኒ ነው። ጁላይ 20 ቀን 2014 ኢቦላ የያዘው መንገደኛ በአውሮፕላን ሌጎስ ገባ። ታማሚው ከሆስፒታል እንዲወጣ የቀረበባቸውን ግፊት ተቋቁመው ያስቀሩት ዶክተር አሜዮ አዳዴቮ በዚያው በሽታ ሕይወታቸውን አጡ፤ ስማቸውን እንድታስታውሱልኝ እፈልጋለሁ። የፌዴራሉና የሌጎስ ግዛት የጤና ባለሥልጣናት በአንድ የማስተባበሪያ ማዕከል ተቀመጡ። ፖሊዮን ለማጥፋት በተካሄደው ዘመቻ እንዲህ ያለ ማዕከል ማደራጀትን ለምደውት ስለነበር፣ ሰዎቹም አሠራሩም ዝግጁ ነበሩ። በሽታው ወደ ሌላዋ የናይጄሪያ ከተማ ወደ ፖርት ሃርኮርት ቢሻገርም ንክኪ ያላቸው ወደ 900 የሚጠጉ ሰዎች ተለይተው ክትትል ተደረገላቸው፤ ለዚህም 18,500 ገደማ የቤት ለቤት ጉብኝት ተካሂዷል። 20 ሰዎች ታመው 8 ሞቱ፤ ኦክቶበር 20 አገሪቱ ከኢቦላ ነፃ መሆኗ ታወጀ። እጅግ ብዙ ሕዝብ በሚኖርባት በሌጎስ ይህ መቻሉ ዛሬም ያስደንቀኛል።

የግዢ ነገር ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። በ2020 የኮቪድ ወረርሽኝ መጀመሪያ የአሜሪካ ግዛቶች ለመተንፈሻ መርጃ መሣሪያዎች እርስ በርሳቸው፣ አልፎም ከፌዴራሉ መንግሥት ጋር ተጫርተዋል። ሕንድ በሜይ 2021 ክልሎች የክትባቱን አንድ ክፍል ራሳቸው ከአምራቾች እንዲገዙ ፈቅዳ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ከጁን 21 ጀምሮ ማዕከላዊው መንግሥት የክልሎቹን ድርሻ ጠቅልሎ 75 በመቶውን መግዛት ጀመረ። እጥረት ባለበት ገበያ ብዙ ገዢ መላክ የሚጠቅመው ሻጩን ነው።

ይህን ስል ሁሉም ነገር ወደ ማዕከል ይጠቃለል ማለቴ አይደለም። ማዕከሉ ሲያመነታ ወይም ሲሳሳት ለሕዝቡ የሚደርስለት ሌላ አካል መኖሩ የፌዴራል ሥርዓት ትልቁ ጥቅም ነው። የብራዚል ከፍተኛው ፍርድ ቤት በኤፕሪል 2020 ግዛቶችና ማዘጋጃ ቤቶች የራሳቸውን የጤና ጥበቃ እርምጃ መውሰድ እንደሚችሉ አረጋግጧል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 93 የሕዝብን ጤንነት አደጋ ላይ የሚጥል በሽታ ሲከሰት ክልሎች በክልላቸው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እንዲያውጁ ይፈቅዳል። አውስትራሊያ በማርች 2020 ጠቅላይ ሚኒስትሩንና የክልል መሪዎችን የያዘ ብሔራዊ ካቢኔ ብታቋቁምም፣ ከክልሎቿ አንዷ ምዕራብ አውስትራሊያ በወረርሽኙ ዘግታው የነበረውን ድንበሯን ሙሉ በሙሉ የከፈተችው ማርች 3 ቀን 2022 ነው። መሪዎቹ በሁሉ ነገር አልተስማሙም፤ የሚነጋገሩበት ቋሚ መድረክ ግን ነበራቸው።

እንግዲህ በተመደባችሁበት ቢሮ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይህን ስምምነት ፈልጉ። ካገኛችሁት በውስጡ ወደተጻፈው የሌሊት ተረኛ ስልክ ደውላችሁ የሚያነሳ ሰው መኖሩን አረጋግጡ። ከሌለ ረቂቁን ከአጎራባች ክልል ባልደረቦቻችሁና ከማዕከሉ ባለሙያዎች ጋር ሆናችሁ አዘጋጁ፤ ናሙና የትኛው ላቦራቶሪ እንደሚሄድ፣ ውጤቱ በአንድ ጊዜ ለእነማን እንደሚላክ፣ የቅኝት (በሽታውን የሚከታተሉ) ሠራተኞች አበልና ነዳጅ ከየትኛው በጀት እንደሚከፈል በስም ጻፉት። ሚኒስትር ወይም የቢሮ ኃላፊ በተቀየረ ቁጥርም እንደገና አስፈርሙት።