መልስ፦ በማኑፋክቸርድ ሆም ኮርኒስ ላይ ዕቃ ስለማስቀመጥ

የክሎዜቱን (የልብስ ማስቀመጫውን) ኮርኒስ ከፍቼ ሻንጣና ካርቶን ጣሪያው ስር ላስቀምጥ ወይ ብለህ ለጠየቅከው፦ አትቅደደው። ቤቱ ማኑፋክቸርድ ሆም (ፋብሪካ ውስጥ ተሠርቶ በመኪና ተጎትቶ የሚመጣ ቤት) ከሆነ፣ ትረሶቹ (ጣሪያውን የሚሸከሙት የእንጨት ማዕቀፎች) የተሠሩት ጣሪያውንና ኮርኒሱን እንዲሁም በረዶ እንዲሸከሙ ነው፤ ለዕቃ አልተሰሉም። እንጨቶቹ ቀጫጭን ናቸው። አንዱን እንኳ ቆርጠህ መንገድ ላውጣ እንዳትል።

ቤትህ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ፦

1. ከውጭ ግድግዳው ላይ ትንሽ ቀይ የብረት ምልክት ፈልግ። ካለ፣ እ.ኤ.አ. ከ1976 ወዲህ በአሜሪካ ፌዴራል የቤቶች ሚኒስቴር (ሃድ) ደንብ የተሠራ ማኑፋክቸርድ ሆም ነው።

2. ኪችን ካቢኔት ውስጥ፣ መብራት ፓናሉ አጠገብ ወይም መኝታ ቤት ክሎዜት ውስጥ የተለጠፈውን ዳታ ፕሌት (የቤቱ መረጃ የተጻፈበትን ወረቀት) አንብብ። እዚያ የሚታየው የጣሪያ ጭነት፣ ለምሳሌ በደቡብ ዞን በስኩዌር ፊት 20 ፓውንድ፣ ከላይ ለሚያርፈው ነው። ለሻንጣ እንዳትቆጥረው።

ሞጁላር ቤት (በፋብሪካ በክፍል በክፍል ተሠርቶ በቦታው የሚገጣጠም) ከሆነ ይለያል። የሚሠራው በስቴቱ ወይም በአካባቢው የግንባታ ደንብ ስለሆነ አንዳንዱ ለዕቃ ማስቀመጫ በታሰበ ትረስ ይመጣል። የፋብሪካውን ፕላን ጠይቅ፤ እዚያ ላይ በግልጽ ካልተጻፈ የለም ማለት ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ጎረቤቴ እንዲህ ከፍቶ ኢንሱሌሽኑ (ሙቀት እንዳይወጣ የሚይዘው ንጣፍ) ተጨፈለቀ፣ እርጥበት የሚከለክለው ላስቲክም ተቀደደ። ክረምት ሲገባ የቤቱ ሙቅ አየር በቀዳዳው እየወጣ ቀዝቃዛው ጣሪያ ላይ ውሃ ሆነ፤ ኮርኒሱ ሻገተ። እባክህ ከቤቱ ተነጥሎ የሚቆም ትንሽ ሼድ (የዕቃ ማስቀመጫ ቤት) ግዛ፤ መሬቱ ኪራይ ከሆነ መጀመሪያ የፓርኩን (ቤቶቹ የቆሙበትን ግቢ) አስተዳደር አስፈቅድ።