ስንቅ መያዝ እምነት ማጣት ነው ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? የምንኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለቤቴ፣ ሦስት ልጆቻችንና እኔ ነን። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር ላይ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ልጆቹን አቅፈን በሌሊት ደጅ ወጥተናል። ከዚያ ወዲህ ልቤ አላረፈም። በሶ አስፈጨሁ፣ ሽሮ አበዛሁ፣ ውሃ በጀሪካን እየሞላሁ አልጋ ሥር አስቀምጣለሁ። ባለቤቴ ግን አልወደደውም። «ጌታ ለነገ አትጨነቁ ብሎ የለም ወይ? አንቺ ቤቱን መጋዘን አደረግሽው፤ ይሄ እምነት ማጣት ነው» ይለኛል። እውነት ኃጢአት ነው? ካልሆነስ ልኩ እስከ ምን ድረስ ነው? ደግሞ ክፉ ነገር በጾም ቢመጣና ያስቀመጥኩትን ቋንጣ ብንበላ እንዴት ይታያል?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ቤትሽን ይጠብቅልሽ። ከሁሉ በፊት ባለቤትሽን አትቀየሚው። የጠቀሰው ቃል እውነተኛ ነው። ፍርሃት ቤታችሁ ገብቶ እንዳይነግሥባችሁ ፈልጎ እንደተናገረ ይገባኛል።

ቃሉን ግን ረጋ ብለን እናንብበው። በማቴዎስ ወንጌል 6፥34 ላይ ጌታችን «ለነገ አትጨነቁ» አለ። «ለነገ አታዘጋጁ» አላለም። የተጨነቀ ሰው ጎተራው ሞልቶም እንቅልፍ አይወስደውም። ያዘጋጀ ሰው ጸሎቱን አድርሶ፣ በሩን ዘግቶ ይተኛል። ስለዚህ አንቺም ራስሽን መጠየቅ ያለብሽ እዚህ ላይ ነው። ጀሪካኑን ሞልተሽ ስትጨርሺ ልብሽ ያርፋል? ወይስ ሌላ ጀሪካን፣ ደግሞ ሌላ ያሰኝሻል? ካላረፈ የጎደለው ውሃ አይደለም፤ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው።

አሁን ሌላ ቃል ላስታውስሽ። ጌታችን በአምስት እንጀራና በሁለት ዓሣ ያን ሁሉ ሕዝብ ካጠገበ በኋላ ደቀ መዛሙርቱን ምን አላቸው? «አንድ ስንኳ እንዳይጠፋ የተረፈውን ቁርስራሽ አከማቹ» (ዮሐ. 6፥12)። እስቲ አስቢው። ነገም ማብዛት የሚችል ጌታ ነው። ግን ፍርፋሪው ሣር ላይ ወድቆ እንዲቀር አልፈቀደም። አሥራ ሁለት መሶብ ሞላ። ተአምር ያደረገው እጅና «አከማቹ» ያለው አንደበት የአንዱ ጌታ ናቸው።

የመናውንም ነገር እናውቃለን። ለነገ ብለው ያሳደሩት ተልቶ ሸተተ። ብዙ ጊዜ የሚሰበከው እስከዚህ ነው። ግን ዘጸአት 16ን እስከ መጨረሻው አንብቢው። በስድስተኛው ቀን እጥፍ እንዲሰበስቡ ራሱ እግዚአብሔር አዘዛቸው፤ ለሰንበት ያሳደሩት አልተላም፣ አልሸተተም። ከዚያም አልፎ ልጅ ልጆቻቸው እንዲያዩት በመሶብ ተደርጎ እንዲቀመጥ ታዘዘ። እመቤታችንን «መሶበ ወርቅ» እያልን የምናመሰግናት መናው የተቀመጠበትን ያንን የወርቅ መሶብ እያሰብን ነው። ታዲያ ማስቀመጥ በራሱ ኃጢአት ቢሆን ኖሮ ያ መሶብ በታቦቱ ዘንድ ምን ይሠራ ነበር? ዮሴፍም በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት የግብፅን እህል አምስተኛ እጅ ያስቀመጠው እግዚአብሔር በገለጠለት ምክር ነው። በዚያ እህል ግብፅ ብቻ አልዳነችም፤ የእስራኤል ቤትም ዳነ።

እኔ ይህን ነገር መጀመሪያ የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከአኩፋዳዬ ነው። ልጅ ሆኜ ጎጃም ቅኔ ቤት ሳለሁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልን እንለምን ነበር። አንዷ እናት ግማሽ እንጀራ ትሰጣለች፣ ሌላዋ እፍኝ ቆሎ፣ ሌላዋ ውሻዋን መያዝ ትረሳለች። የተረፈውን ቁራሽ ሰሌን ላይ አስጥተን እናደርቀዋለን። ሐምሌና ነሐሴ ሲገባ ገበሬው ራሱ ጎተራው ተሟጦ፣ አዲሱ እህል ገና አረንጓዴ ነው። እንኳን ለተማሪ ለልጆቹም አይተርፈው። ዝናቡ ደግሞ ከጎጆ አያስወጣም። ያን ጊዜ ታላቁ ተማሪ ድርቆሹን ያወጣል። በውሃ ያረጥበዋል፣ ጨውና በርበሬ ነገር ካለ ጣል ያደርግበታል። ከዚያ ማከፋፈል ሲጀምር ሁልጊዜ ከትንሹ ልጅ ነው። ከራሱ ጀምሮ አይቼው አላውቅም። አንዳንድ ቀን ለእሱ ሳይደርሰው ያልቅ ነበር፤ «ዛሬ አላሰኘኝም» ይለናል።

ስንቅና ስስት የሚለዩት እዚያች ጎጆ ውስጥ ነው። ሁለቱም እህል ያስቀምጣሉ። ከውጭ ስታይው ከረጢቱም ያው ነው። ልዩነቱ የቸገረ ቀን ከረጢቱ ለማን ይፈታል የሚለው ነው። በሉቃስ 12 ላይ ያለውን ባለጠጋ ተመልከቺ። ጎተራዬ፣ ፍሬዬ፣ በረከቴ፣ ነፍሴ ይላል። በንግግሩ ውስጥ ሌላ ሰው የለም። እግዚአብሔርም የጠየቀው «ይህስ የሰበሰብኸው ለማን ይሆናል?» ብሎ ነው። «ለምን ሰበሰብክ» አላለውም።

ቅዱስ ባስልዮስ ገና ቄስ ሳለ፣ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በቀጰዶቅያዋ ቂሳርያ ጽኑ ረኀብ ገባ። ከተማዋ ከባሕር የራቀች ስለሆነች እህል በመርከብ አይደርስላትም። እህል ያላቸው ሰዎች ደግሞ ዋጋው ይውጣ ብለው ይዘው ተቀመጡ። ባስልዮስ በስብከቱ ጎተራቸውን አስከፈተ። የተራቡትን ሰብስቦ፣ ድስት አስጥዶ፣ ወገቡን ታጥቆ ራሱ አበላቸው። ልብ በይ፣ በዚያች ከተማ የተቀመጠ እህል ባይኖር ባስልዮስ የሚያስከፍተው ጎተራ አይኖርም ነበር። ጥፋቱ መቆለፉ ነው።

ወደ እኛው ሰፈር ልመለስ። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና አገራችን ገባ የተባለ ሰሞን ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ሎሚ ምን ያህል እንደተወደደ ታስታውሻለሽ። ፒያሳ አንድ ሱቅ ቆሜ ነበር። አንድ ሰውዬ መኪናውን አቁሞ ፓስታና ዘይት በካርቶን ያስጭናል። ከኋላው አንዲት እናት ልጇን አዝላ አንድ ፓስታ ልትገዛ ቆማለች። ተራዋ ሲደርስ መደርደሪያው ባዶ ነው። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፤ ለልጆቹ ነው የገዛው። ነገር ግን በድንጋጤ ቀን የሚገዛ ስንቅ ከጎረቤት አፍ ይነጠቃል። በምሳሌ 11፥26 እህልን የሚያስቀር ሰው ሕዝብ እንደሚረግመው ተጽፏል። አንቺ ግን ገበያው በተረጋጋበት ሰዓት፣ በየወሩ ጥቂት ጥቂት ብትገዢ ማንንም አትጎጂም። እንዲያውም ክፉ ቀን ሲመጣ ሰልፉን በአንድ ሰው ታሳጥሪያለሽ። ገብረ ጉንዳንም በመከር ነው የምትሰበስበው።

ልኩን ጠይቀሻል። የምበላውን አስቀምጣለሁ፣ ያስቀመጥኩትን እበላለሁ፤ የኔ መለኪያ ይህ ነው። አሮጌው ይቀድማል፣ አዲሱ ከኋላ ይገባል። በባለቤቴ እጅ ያየሁትን ልንገርሽ። ጤፉን በፍሬው ታስቀምጥና በልኩ ታስፈጫለች፤ ዱቄት ቶሎ ይበላሻል። የጤፍ ፍሬ በጣም ትንሽ ስለሆነች ነቀዝ አይራባባትም። ስንዴ፣ በቆሎና ባቄላ ግን ነቀዝ ይወዳቸዋል፤ በደንብ ደርቀው አየር በማያስገባ ዕቃ ይከደኑ። በርበሬው እርጥበት ካለው ይሻግታል። የሻገተውን ፀሐይ ላይ አስጥቶ መልሶ መብላት አይገባም፤ መርዙ በፀሐይም በእሳትም አይለቅም። በሶ በማስፈጨትሽ በጣም ደስ ብሎኛል። መብራት ቢጠፋ፣ ጋዝ ቢያልቅ፣ በውሃና በጨው በጥብጦ መጠጣት ነው፤ እሳት አይፈልግም። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የዘመቱት አባቶቻችን ስንቃቸውን ከየቤታቸው ይዘው ነው የወጡት። ያ ሙያ አሁንም በእጃችን አለ።

አንድ ነገር ግን አደራ እልሻለሁ። ነቀዝ ለመግደል ፎስቶክሲን የሚባለውን ክኒን ሰው በሚተኛበት ቤት እህል ውስጥ እንዳትጨምሪ። የሚያወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል። ሁለት ክፍል ቤት ይቅርና በትልቅ ግቢም ያስፈራል። መብራት በሚጠፋበት ሌሊትም ከሰል አንድዶ በር ዘግቶ መተኛት እንዲሁ ነው። ለክፉ ቀን ስንዘጋጅ ክፉውን ቀን ራሳችን እንዳናመጣው።

ውሃውን አልጋ ሥር ማድረግሽ መልካም ነው። ሃያ ሊትር ውሃ ሃያ ኪሎ ነው፤ ቁም ሳጥን ላይ ቢሆን መሬት ሲንቀጠቀጥ ልጅ ላይ ይወርዳል። ለመጠጥና ለምግብ ለአንድ ሰው በቀን ሦስት ሊትር ብትይዢ፣ ለአምስት ሰው ለሦስት ቀን 45 ሊትር ይሆናል። ሁለት ጀሪካንና ትንሽ ማለት ነው። ጋዝ ወይም ኬሚካል የነበረበት ጀሪካን አይሁን። ውሃው በፈረቃ ሲመጣ የቆየውን ለልብስ ማጠቢያ አድርጊው፣ በአዲስ ተኪው። ጠበሉን ግን ለብቻው አክብረሽ አስቀምጪ፤ ከመጠጥ ውሃው ጋር አይቆጠርም። የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀት፣ መታወቂያችሁን፣ ባትሪና ጥቂት በሶ በአንድ ቦርሳ አድርገሽ በር አጠገብ ስቀዪ። ያን ሌሊት ልጆቹን አቅፋችሁ ስትወርዱ ባዶ እጃችሁን ነበራችሁ መሰለኝ።

ከዚህ ሁሉ ጋር የጎረቤት ድርሻ ይያዝ። ፎቃችሁ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንት ይኖራሉ፣ ከታች ዘበኛው አለ። አንድ ኪሎ ሽሮ፣ አንድ ኪሎ በሶ ከመጀመሪያው «የእነሱ ነው» ብለሽ ለይተሽ አስቀምጪ። በቸገረ ቀን እጅ ይከብዳልና አሁን፣ እጅሽ ሳይከብድ፣ ቁረጪው። እድራችሁም ድንኳንና ድስት አለው። ለቀብር ብቻ ነው ያለው ማን ነው? በሚቀጥለው ስብሰባ ባለቤትሽ ሐሳቡን ያንሣ፤ እሱ ተናጋሪ ይመስላል።

የጾሙን ነገር ላንሣ። ቤተ ክርስቲያናችን ሳናስተውለው ስንቅ አያያዝ አስተምራናለች። ሁዳዴ ብቻ 55 ቀን ነው። በዚያ ሁሉ ቀን የምንበላው ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ተልባ፣ ሱፍ፣ ቆሎ ነው። ሁሉም ያለ ፍሪጅ የሚቆይ ነው። ስንቅሽን ከእነዚህ ብታበዢ፣ ክፉ ቀን በየትኛውም ወቅት ቢመጣ ጾም የመሻር ጥያቄ ገና ከበሩ ይመለሳል። ቋንጣው ደግሞ ለፍስኩ ጊዜ ይሁን። ሌላ የሚበላ ጠፍቶ የሰው ሕይወት ከተያዘ ግን ዳዊት በተራበ ጊዜ ለካህናት ብቻ የተፈቀደውን ኅብስት እንደበላ ጌታችን ራሱ ጠቅሶ ተናግሯል (ማቴ. 12፥3-4)። ሕፃን፣ ሕመምተኛ፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ሲኖሩ ከአሁኑ የንስሐ አባትሽን አማክሪያቸው። ቤታችሁን ያውቁታል፤ እንደ ሁኔታው ይፈቅዱላችኋል።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ በሶውን በማር ለውሰሽ አቅርቢለትና ዘጸአት 16ን አብራችሁ አንብቡ። ካልተስማማችሁ ሁለታችሁም ኑ፣ ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ አለሁ።