ስለ ጣና አሳ ያላችሁን ጥያቄ አምጡ

ሰላም ለሁላችሁም። የተማርኩት አሳ ሀብት ነው፣ ከዛ በኋላም ባህር ዳርና ዙሪያዋ አሳ በሚራገፍበት ቦታ እየቆምኩ ስቆጥርና ስለካ ብዙ ክረምት አሳልፌያለሁ። ሰሞኑን "ጣና ውስጥ ያለው ሶስት አይነት አሳ ነው" ሲባል ደጋግሜ ስሰማ ከነከነኝ። ጠይቁኝ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሶስት አይደለም እንዴ? ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ ነጭ አሳ። እኔ ገበያ ላይ ሌላ አይቼ አላውቅም።

መልስ፦ ገበያው ላይስ ልክ ነህ ወንድሜ። ቆሮሶ፣ ማለት ቲላፒያ፣ አንድ ዝርያ ነው፣ አምባዛም አንድ ነው። ነጭ አሳ ግን የአንድ አሳ ስም አይደለም። ላቤዮባርበስ የሚባል ወገን አለ፣ ጣና ውስጥ ብቻ ወደ 15 የሚሆኑ ዝርያዎች አሉት፣ አብዛኞቹ ደግሞ ከጣናና ወደሱ ከሚገቡት ወንዞች ውጪ አለም ላይ የትም የሉም። በዛ ላይ ቤሶ የሚባል አሳ አለ፣ ድንጋይ ላይ እየተለጠፉ የሚኖሩት ጋራ የሚባሉት አሉ፣ ጣት የማያክሉ፣ ባርበስ የሚባሉ ትንንሽ የነጭ አሳ ዘመዶች አሉ። ሁሉም ሲደመር ከ25 በላይ ነው። ከነጭ አሳዎቹ አንዱ ጎርጎሬንሲስ የሚለውን ስም ያገኘው ሀይቁ ዳር ካለችው ከጎርጎራ ነው፣ ሌላው ደግሞ ከራሱ ከጣና ስም ፃኔንሲስ ተብሏል።

ጥያቄ፦ ሁሉም ነጭ ከሆኑ አንተ በምን ትለያቸዋለህ?

መልስ፦ በጭንቅላታቸው። አንዱ ከንፈሩ ወፍራምና ስጋማ ነው፣ ነድጊያ ይባላል፣ በዛ ከንፈር ድንጋይ መሀል የተደበቀ ትል እየመጠጠ ያወጣል። ሜጋስቶማ የሚባለው አፉ ሰፊ ነው፣ አሳ በላ ነው፣ እሱ ነው የሚገርመኝ። ሱርኪስ የውሃ ተክል ይበላል። ብሬቪሴፋለስ ትንሽዬ ናት፣ ጭንቅላቷ አጭር፣ ውሃው ላይ የሚንሳፈፉ በአይን በግድ የሚታዩ ነፍሳት ነው የምትለቅመው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ አሳው ጀልባ ላይ እያለ እነዚህን ሁሉ ታያለህ፣ ከዛ ሰዎቹ ተቀምጠው ፊሌቶ ማውጣት ይጀምራሉ፣ እጃቸው ፈጣን ነው፣ በሁለት ቢላ ምት ስጋው ወዲህ ጭንቅላቱና አጥንቱ ወዲያ፣ ያንን ደግሞ ፔሊካኖቹ ተሰልፈው እየጠበቁ ነው። አስር ደቂቃ ቆይተህ ብትመጣ የምታገኘው ነጭ ስጋ የሞላ ሳፋ ብቻ ነው፣ ሚዛን ላይ ይወጣል፣ መዝገቡ ላይ "ነጭ አሳ፣ ይህን ያህል ኪሎ" ተብሎ ይፃፋል። ማን እንደነበረ የሚናገረው ጭንቅላት ፔሊካን ሆድ ገብቷል። እኔ ሁሌ የምጨነቀው በዚህ ነው፣ አንድ ዝርያ ከነጭራሹ ቢጠፋ ኪሎው ላይ ላይታይ ይችላልኮ።

ጥያቄ፦ አሳ አሳን መብላቱ ምን ይገርማል?

መልስ፦ የነጭ አሳ ወገኖች መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፣ ጨጓራም የላቸውም። ያላቸው ጥርስ ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። ሌላው አለም ላይ ያሉ ዘመዶቻቸው አብዛኛዎቹ ሳርና ትል ምናምን በል ናቸው፣ ጣና ላይ ግን ከ15ቱ ስምንቱ አሳ በላ ሆነዋል። የአንዱን ሆድ ስከፍት ትንሽዬ ባርበስ ሳትታኘክ እንዳለች፣ ቅርፊቷ ሳይቀር፣ አውጥቼ አውቃለሁ። መያዣ ጥርስ ሳይኖረው እያሳደደ ውጦ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ይሄ ሁሉ አይነት አንድ ሀይቅ ውስጥ ከየት መጣ?

መልስ፦ ጢስ አባይ ነው አንዱ ምክንያት። 40 ሜትር ገደማ የሚወርድ ፏፏቴ ከታች የሚመጣ አሳ አያሳልፍም፣ ስለዚህ እላይ የቀሩት ብቻቸውን ቀሩ፣ ተፎካካሪ የለም፣ ጥልቁንም ዳሩንም ድንጋያማውንም እየተከፋፈሉ ያዙት። የሀይቁ ወለል ጭቃ ሲጠና ደግሞ ጣና ራሱ ከ15 ሺህ አመት በፊት ደርቆ እንደነበር ታይቷል፣ ስለዚህ ይሄ ክፍፍል የመጣው ምናልባት ከዛ ወዲህ ነው። ፊሊፒንስ ውስጥ ላናኦ የሚባል ሀይቅ ተመሳሳይ የባርበስ ቤተሰብ ነበረው፣ ከውጪ አሳ ሲገባበት አብዛኛው ጠፋ። እንዲህ አይነት ቤተሰብ ሳይበተን የቀረው ጣና ላይ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ጋምቤላ ነው የምሰራው፣ ባሮ ላይ የማየው አሳ ከዚህ ሁሉ ይበዛል። ለምንድነው ሁሌ ጣና ጣና የሚባለው?

መልስ፦ ትክክል ብለሃል፣ በአይነት ብዛት ከኢትዮጵያ ባሮንና አካባቢውን የሚያክል የለም፣ ከመቶ በላይ ነው። ናይል ፐርች አለ፣ በሳንባ የሚተነፍሰው አሳ አለ፣ ኤሌክትሪክ የሚነዝረው አለ። ባሮ ከነጭ አባይ ጋር ስለሚገናኝ በሩ ክፍት ነው፣ አብዛኞቹን ሱዳንም ምዕራብ አፍሪካም ታገኛቸዋለህ። ጣና ቁጥሩ ያንሳል ግን የሱ ሌላ ቦታ የለም፣ እዚህ ከጠፋ አለቀ ማለት ነው። ሁለቱም ይጠበቁ ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ የደራ ሰው ነኝ። በልጅነታችን ክረምት ጉማራ ወንዝ ላይ ነጭ አሳ በእጃችን እንይዝ ነበር። ዛሬ ልጆቹ ስነግራቸው አያምኑኝም። የት ሄደ?

መልስ፦ አባቴ፣ እርስዎ ያዩት አሳው ሊወልድ ሲወጣ ነው። ከነጭ አሳዎቹ ቢያንስ ሰባቱ እንቁላል የሚጥሉት ሀይቁ ውስጥ ሳይሆን ወንዝ ወጥተው ነው፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት፣ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፣ ግልገል አባይ። መጀመሪያ ወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ፣ ከዛ ጠጠር ያለበት ንፁህ ፈሳሽ ውሃ እስኪያገኙ ሽቅብ ይጓዛሉ። አስጋሪውም ይሄን ስለሚያውቅ መረቡን የሚዘረጋው እዛው አፉ ላይ ነው፣ አንድ ሌሊት የሚያዘው ሌላ ጊዜ በሳምንት አይገኝም፣ እንቁላል የያዘች እናት ናት ግን የምትያዘው። ነጭ አሳ ደግሞ ቶሎ አይደርስም፣ ለመውለድ አመታት ይፈጅበታል።

እ.ኤ.አ. በ1986 ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ገባ፣ ከ1991 እስከ 2001 ባለው አስር አመት ውስጥ በጥናት መረብ ሲለካ ነጭ አሳው ወደ 75 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ከዛ ወዲህ ደግሞ አሸዋና ጠጠሩ ለግንባታ እየተጫነ ይሄዳል፣ ውሃው በፓምፕ ወደ ማሳ ይሳባል፣ ርብ ላይ ግድብ ተሰርቷል፣ አንዳንድ ቦታ አሳ የሚመርዘውን የብርብራ ዛፍ ፍሬ ወቅጠው ወንዝ ላይ የሚበትኑ አሉ፣ ያ ትልቅ ትንሽ ሳይል ሁሉንም ነው የሚገድለው። ለልጆቹ የነገሯቸው እውነት ነው፣ እባክዎ መንገርዎን አይተዉ።

ጥያቄ፦ ቆሮሶ ግን አሁንም በሽ ነው፣ ስለዚህ ሀይቁ ደህና አይደል?

መልስ፦ ቆሮሶ ወንዝ መውጣት አያስፈልጋትም። ዳር ላይ ትወልዳለች፣ እንቁላሉን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምታስፈለፍል፣ ጫጩቶቹም ሲፈሩ ተመልሰው አፏ ይገባሉ። አመቱን ሙሉም ልትወልድ ትችላለች። ስለዚህ ጫናውን ከነጭ አሳ በተሻለ ትችለዋለች፣ ጀልባው ሞላ ማለት ግን ሁሉም አለ ማለት አይደለም።

ጥያቄ፦ ናይል ፐርች ብንጨምርበትስ? ጫሞ ላይ እንዴት ያለ ትልቅ አሳ ነው።

መልስ፦ በፍፁም። ጫሞ ላይ ድሮም የነበረ ነው። ቪክቶሪያ ሀይቅ ላይ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከውጪ አምጥተው ጨመሩት፣ አሳ በላ ስለሆነ በመቶ የሚቆጠሩ ትንንሽ ዝርያዎች ጠፉ።

ጥያቄ፦ እምቦጭስ?

መልስ፦ አረሙ ጣና ላይ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ይታወቃል፣ ዳር ዳሩን ስለሚሸፍን የሚጎዳው የቆሮሶን መውለጃና የታንኳ መውጫውን ነው። የነጭ አሳ ዋና ችግር ግን እሱ አይደለም።

ጥያቄ፦ መፍትሄው ምንድነው ትላለህ?

መልስ፦ ነሐሴና መስከረም የወንዝ አፎቹን መዝጋት። የአሳ ሀብት ህግ ከወጣ ቆየ፣ አዋጅ ቁጥር 315/1995 ነው የፌደራሉ፣ የጎደለው ወንዙ አፍ ላይ የሚቆም ሰው ነው። አስጋሪው ግን በባዶ ሆዱ "አታስግር" ሊባል አይገባም፣ ለሁለቱ ወር የሚኖርበት ይፈለግለት። ሌላው፣ መዝጋቢዎቹ ፊሌቶ ከመውጣቱ በፊት ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን ዝርያውን ይቁጠሩ።

ጥያቄ፦ ከቨርጂኒያ ነው። ሰመር ላይ ልጆቼን ይዤ ባህር ዳር እመጣለሁ፣ እነዚህን አሳዎች የት ላሳያቸው?

መልስ፦ እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። ማለዳ 12 ሰአት ተኩል ላይ አሳ የሚራገፍበት ቦታ ድረሱ፣ ፊሌቶ ሳይጀመር። "እስኪ ሳትቆርጡ አሳዩን" ብትያቸው ደስ ብሏቸው ያሳያሉ። ልጆቹ አፍ አፉን ይዩ፣ ወፍራም ከንፈር ያለው ካጋጠማቸው ነድጊያ ነው። ክረምት ስለሆነ የአንዳንዷ ሆድ ተነፍቶ ታያላችሁ፣ ያ እንቁላል ነው፣ ወደ ወንዝ ስትሄድ የተያዘች ናት።