ክሮሞሶምን በማይክሮስኮፕ ማየት፦ ጥያቄና መልስ ለደሴና ለኮምቦልቻ የባዮሎጂ መምህራንና ተማሪዎች

ጦሳ ሥር፦ መምህር፣ ሕዋስ በማይከፋፈልበት ጊዜ ክሮሞሶም የት ይሄዳል? ተማሪዎቼ «ይጠፋል» እያሉ ይጽፋሉ።

መልስ፦ የትም አይሄድም፤ ተፈትቶ እዚያው ኑክሊየሱ ውስጥ ነው። ክሮሞሶም ማለት የዲኤንኤ ክር ነው፤ የአንድ የሰው ሕዋስ ዲኤንኤ ቢዘረጋ 2 ሜትር ያህል ይሆናል። ይህ ክር ሂስቶን በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ ተጠምጥሞም ውፍረቱ 10 ናኖሜትር አካባቢ ብቻ ነው። በብርሃን የሚሠራ ማይክሮስኮፕ ደግሞ ከ200 ናኖሜትር በታች ያለውን ለይቶ አያሳይም። በፕሮፌዝ (በመከፋፈሉ መጀመሪያ ምዕራፍ) ጊዜ ኮንደንሲን የተባለ ፕሮቲን ክሩን እያጠፈ ያሳጥረዋል፣ ያወፍረዋል። ሜታፌዝ (ክሮሞሶሞቹ በሕዋሱ መሃል የሚሰለፉበት ምዕራፍ) ላይ የአንዱ ክሮማቲድ (የተባዛው ክሮሞሶም ካሉት ሁለት ቅጂዎች የአንዱ) ውፍረት ወደ 700 ናኖሜትር ይደርሳል፤ ያኔ ይታያል። ሕዋሱ ሲከፋፈል ክሩ ሳይሰበሰብ ወደ ሁለቱ ጎን ቢጎተት እርስ በርሱ ተተብትቦ ይበጠስ ነበር። «በፕሮፌዝ ክሮሞሶም ይፈጠራል» ብሎ የጻፈ ተማሪ ካለ ይታረም።

ቦርከና፦ የሽንኩርት ሥር አዘጋጅተን የምናየው ክብ ክብ ኑክሊየስ ብቻ ነው። ማይክሮስኮፑ ይሆን?

መልስ፦ ማይክሮስኮፑን ተዉት፤ አቆራረጣችሁ ነው። የሚከፋፈሉት ሕዋሳት ያሉት ከሥሩ ጫፍ 2 ሚሊሜትር ውስጥ ነው። ከዚያ በላይ ያለው መከፋፈል ትቶ መርዘም ጀምሯል።

የቀይ ሽንኩርቱን ደረቅ ሥር ላጩና ታችኛው ብቻ ውሃ እንዲነካ አስቀምጡት። አዲሱ ሥር ከ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር ሲደርስ ቆርጣችሁ 3 እጅ ኤታኖልና 1 እጅ ግላሲያል አሴቲክ አሲድ ውስጥ ለ24 ሰዓት አቆዩት። ድብልቁ የዕለቱ ይሁን፤ የከረመ አይሠራም። ቀጥሎ 1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በ60 ዲግሪ፣ ከ5 እስከ 8 ደቂቃ። ሕዋሳቱን ያጣበቀውን ፔክቲን የሚፈታው ይህ ነው፦ ካነሰ ሕዋሱ ተደራርቦ ይቀራል፣ ከበዛ ጫፉ ይሟሟል። አጥባችሁ ጫፉን ብቻ ክሮሞሶምን በሚያቀልመው አሴቶካርሚን ውስጥ አኑሩ፣ በሽፋን መስታወት ሸፍኑ፣ በሶፍት ላይ በአውራ ጣት ቀጥ አድርጋችሁ ተጫኑ። መስታወቱ ከተንሸራተተ ሕዋሳቱ ይጠቀለላሉ።

ጦሳ ሥር፦ በአሴቲክ አሲዱ ምትክ ኮምጣጤ አይሆንም?

መልስ፦ አይሆንም፤ አብዛኛው ውሃ ነው። ግላሲያሉ ግን ቆዳ ያቃጥላል፦ ጓንት፣ መነጽር፣ ክፍት መስኮት።

ሰኞ ገበያ፦ ሽንኩርት ላይ ለምን ትደክማላችሁ? ባቄላ 12 ክሮሞሶም ብቻ ነው ያለው፣ ትልልቅም ናቸው።

ቦርከና፦ ሽንኩርትም 16 ነው፣ ደግሞ በየቤቱ አለ። ገብስም 14 ነው።

ሰኞ ገበያ፦ ሜታፌዝ ላይ ግን 32 አይሆንም እንዴ?

ቦርከና፦ ክሮማቲድ ቆጥረህ ነው! ሴንትሮሜር (ሁለቱ ክሮማቲድ የሚያያዙበትን ቦታ) ቁጠር፣ 16 ነው። አናፌዝ ላይ ሲለያዩ ነው 32 የሚሆነው።

መልስ፦ የቦርከና ልክ ነው። ለመቁጠር ባቄላ ይሻላል። ጤፍ 40 ደቃቅ ክሮሞሶም አለው፤ ለጀማሪ አትስጡ።

ጢጣ፦ 60 ዲግሪ የሚጠብቅ ማሽን የለንም። ውሃ አፍልተን ቀዝቃዛ ብንጨምርበትስ?

መልስ፦ በቴርሞሜትር እየለካችሁ ከሆነ ይሆናል። በግምት ግን አይሆንም። ደሴ ከፍታዋ 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ 100 ብሎ የሚነሳ ስሌት ያሳስታችኋል። ጓንትና መነጽር እዚህም አይቅር።

ሐረጎ፦ እኔም አልታየኝም፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ስንት ሚሊሜትር ቆረጥክ? አሲዱ ውስጥ ስንት ደቂቃ አቆየኸው? ይህን ሳትነግረኝ ምን ልበልህ? ከላይ ለቦርከና የጻፍኩትን አንብብ። ጫፉን፣ 2 ሚሊሜትር!

ሐረጎ፦ ካንሰርስ ከዚህ ጋር ይገናኛል?

መልስ፦ ይገናኛል፣ ግን የዛሬው ጉዳያችን አይደለም።

ጢጣ፦ ሜታፌዝ የምናገኘው ጥቂት ነው። ኮልቺሲን እንጠቀም?

መልስ፦ ኮልቺሲን ክሮሞሶሞቹን የሚጎትተውን ስፒንድል ስለሚያፈርስ ሕዋሱ ሜታፌዝ ላይ ይቆማል። ግን መርዝ ነው፤ ትምህርት ቤት አታስገቡት። የገብስ ሥር ከሆነ ከመቁረጣችሁ በፊት 24 ሰዓት በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ አቆዩት፤ ቅዝቃዜውም ስፒንድሉን ያፈርሳል። እንዲህ ከተዘጋጀ ሥር ላይ አናፌዝ አትፈልጉ፤ ለእሱ ሌላ ያልቀዘቀዘ ሥር ለይታችሁ አስቀምጡ።